ነጠላው ምን አለ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር አዲስ አበባ የተነሣችውን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ወረኢሉ እናቴ ዘንድ ነበርኩና ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ልጅቱ አምሮባታል። ሹሩባ ተሠርታለች፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ጥበቡን እስከ አገጯ አውጥታዋለች፤ የጥበቡ ቀለም ከከንፈሯ ቀለም ጋር እንዲገጥም ታስቦበታል። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አየች፣ ደግማ አየች፤ ከዚያ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «ማን ሞተባት?» አለችኝ።

በእኛ አገር ላደገ ሰው ጥያቄዋ ግልጽ ነው። ነጠላ በደኅና ቀን ሲለበስ ጥበቡ ወደ ታች ይወርዳል። በሐዘን ቀን ይዘቀዘቅና ጥበቡ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገደኛ ባየች ቁጥር ዓይኗ አስቀድሞ የሚያርፈው ጥበቡ ላይ ነው። የእድር ጥሩምባ ሳይነፋ፣ መልእክተኛ ሳይላክባት፣ ከአንድ ሴት ነጠላ ብቻ ለቅሶ መኖሩን ታውቃለች፤ ቡና ቀድታ ሳትጨርስ ተነሥታ ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች። ለእሷ ነጠላ ይነበባል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከቀለም ምርጫ በቀር አንዳች ነገር ለመናገር አላሰበችም።

«ማንም አልሞተባት፤ እንዲህ መልበስ የዘንድሮ ፋሽን ነው» አልኳት። እናቴ አላመነችኝም፤ ማታ ራሷ ደውላ አረጋገጠች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የልብስ ቃላትን አንድ በአንድ እያነሣሁ ከየት እንደመጡ ስከተል ከርሜአለሁ። የሚገርመኝ፣ የልብስ ቃል ይዤ የሄድኩበት መንገድ ብዙ ጊዜ ወሬና ዜና ላይ ያደርሰኛል፤ የስልክና የዜና ቃል ይዤ የሄድኩበት ደግሞ ሸማኔው ጉድጓድ ላይ ይጥለኛል።

ለበሰ የሚለው ግሥ ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። ግእዙ ለብሰ፣ ዐረብኛው ሊባስ፣ ዕብራይስጡ ለቡሽ፤ በሸክላ ጽላት ላይ ይጻፍ የነበረው አካድኛም ልብስን በዚያው ሥር ይጠራዋል። ከዚህ የጋራ ሥር ይልቅ ግን እኔን የሚስበኝ አማርኛ ለአለባበስ ያበጃቸው የራሱ ግሦች ናቸው። ጌታ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ደረቱና ወገቡ ላይ አጥብቆ ያስር ነበር፤ አደገደገ ይባላል። ለሥራ ወገቡ ላይ ሲጠመጥመው አገለደመ። ራሱን ሸፍኖ ሲጠቀለልበት ተከናነበ። መጎናጸፊያውን በትከሻው ላይ ደርቦ ሲጥለው ተጎናጸፈ። ሸማው ያው አንድ ሸማ ነው፤ አራቱ ግሦች ግን ሰውየው ማን ፊት እንደቆመ፣ ምን ሊሠራ እንደሆነ፣ ቀኑ ምን እንደዋለበት ይናገራሉ። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ዕውቀት ነው።

ሸማው ከትከሻችን ሲወርድ ግሦቹ አልወረዱም፤ ወደ ዜና ገቡ። የስፖርት ጋዜጠኛ ኮትና ከረባት አድርጎ «ቡድኑ ድል ተጎናጸፈ» ይላል፤ የተሸነፈውን «ሽንፈት ተከናነበ» ይለዋል። ድል በትከሻ ላይ በክብር የሚጣል፣ ሽንፈት ደግሞ ፊት የሚሸፈንበት ልብስ ነው ማለቱ ነው። ይህን ሲናገር ስለ ልብስ የሚያስብ አይመስለኝም፤ ቋንቋው ግን ያስብለታል። ማደግደግም እንዲሁ። ሸማውን ደረቱ ላይ አስሮ የሚቆም አሽከር ዛሬ የለም፤ ባለሥልጣን ፊት የሚሽቆጠቆጥ ሰው ግን «ያደገድጋል» ይባላል፤ ጃኬት ለብሶም ቢሆን።

ነጠላ የሚለው ስም ከነጠለ ይመጣል፤ ያልተደረበ፣ አንድ እጥፍ ብቻ የሆነ ማለት ነው። ተደርቦ ሲወፍር ጋቢ ይሆናል። ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናትና ነጠላ ብቻውን አይበቃም። ጥጥ የሚመጣው ከቆላ ነው፤ የደጋው የራሱ ሀብት በግ ነው። ከበግ ጠጉር ባና ይሠራል፣ ዝተት ይሠራል፣ በርኖስ ይሠራል። በርኖስ ስሙን ከዐረቦች ቡርኑስ ወስዷል፤ ከዐረብኛው ጀርባ ደግሞ ቢሮስ የተባለ የግሪኮች ካባ አለ። አያቴ ጥቁር በርኖሱን ደርቦ በጎች መካከል ሲቆም ያየው ሰው ሁሉ የእኛው አፈር ያበቀለው ልብስ ነው ይላል። ጠጉሩ የእኛ ነው፣ ፈታዩ የእኛ ነው፤ ስሙ ግን ከሜዲትራንያን ዳር ተነሥቶ የመጣ መንገደኛ ነው። ስሙ እንግዳ ስለሆነ ልብሱ እንግዳ አይሆንም፤ ይህን ኋላ ላይ ስለ ሸሚዝና ስለ ካናቴራ ሳወራ አስታውሱልኝ።

የከተማዋም ስም መንገደኛ ነው። ወረ የኦሮምኛ ዋራ ነው፤ ቤተሰብ፣ የእነ እገሌ ወገን ማለት ነው። ወረሂመኖ፣ ወረባቦ እንደሚባለው ሁሉ ወረኢሉም የኢሉ ወገኖች አገር ናት። ለጋምቦና ለገሂዳ ላይ ያለው ለገ ደግሞ ወንዝ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገረው የዛሬው ነዋሪ በየቀኑ የሚጠራው የአገር ስም የኦሮምኛ ቃል ነው፤ ወሎ እንዲህ ናት። ልጆች ሳለን ወረኢሉን «የወሬ አገር» እያልን እንጫወት ነበር። በሥርወ ቃል ወረና ወሬ አይገናኙም። በታሪክ ግን ተገናኝተዋል።

ወረኢሉን ከተማ ያደረጓት ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው፤ ከተማ ደግሞ ያኔ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ ሠራዊቱ በጥቅምት እኩሌታ ተሰብስቦ እንዲጠብቃቸው ያዘዙት ወረኢሉ ላይ ነው። ክተት ከከተተ ነው፤ ከተተ ሰበሰበ፣ አስገባ ማለት ነው። እናቴ የታጠበ ልብስ ሣጥን ውስጥ ስታስገባ የምትለው ከተተች ነው፤ ንጉሡም ጦራቸውን የሰበሰቡት በዚያው ግሥ ነው። ዐዋጁን በየገበያው ያሰማው ነጋሪት ነበር። ነጋሪት ከነገረ ነው፤ የሚናገር ከበሮ። ከዐዋጁ በስተጀርባ ያለው ጠብም ቢሆን የቃል ጠብ ነበር፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ ይቻላቸዋል ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። አንድ ግሥ ሁለት ሠራዊት አሰልፎ ዐድዋ ላይ አገናኘ። ሥርወ ቃል የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ውጫሌን አስታውሰዋለሁ።

ነጋሪት ከበሮነቱ ሲቀር ስሙን ለወረቀት አወረሰ። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚታወጅበት ኅትመት ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ ደስ ይለኛል። ነጋሪት ግእዝ ነው። ጋዜጣ ደግሞ ከጣልያን ነው የመጣው፤ ጋዜታ በ16ኛው መቶ ዘመን ቬኒስ ውስጥ የትንሽ ሳንቲም ስም ነበር፤ የወሬ ወረቀት በዚያ ሳንቲም ይገዛ ስለነበር ወረቀቱ በዋጋው ተጠራ። በ1890ዎቹ የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ ግን ስሙ አእምሮ ነበር፤ አእመረ፣ ዐወቀ ከሚለው ግእዝ። አንዱ ሕዝብ ወሬውን በዋጋው ጠራው፣ አንዱ በሚሰጠው ዕውቀት ጠራው።

ዜናም የግእዝ ነው፤ ዜነወ አወራ፣ ነገረ ማለት ነው። ግን ወሎ ውስጥ ዜና ከሚለው ቃል ይልቅ ለልባችን የሚቀርብ ሌላ የዜና ቃል አለ፤ ዜና መሆኑን ረስተነዋል እንጂ። ልጅ ሲወድቅ፣ ሰው ሲታመም፣ ገበያ ሲከስር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም «አብሽር» ይላል፤ ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ አብሽሩ። አይዞህ ማለታችን ነው። ዐረብኛው ግን አብሽር ሲል መልካም ዜና ይድረስህ፣ ደስ ይበልህ ማለቱ ነው፤ ቡሽራ የምሥራች ነው። የግእዙ ብሥራትም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሬዲዮ ጣቢያ ብሥራተ ወንጌል ሲባል፣ ወንጌል ራሱ በግሪክ የምሥራች ማለት ስለሆነ፣ ስሙ የምሥራች ምሥራች ነበር። እናቴ ያንን ጣቢያ በልጅነቷ ሰምታለች። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ መንዙማ እየሰሙ አብሽሩ ይሉናል። አንዱ ቃል በሁለት ልብስ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራል፤ ሁለቱም ለተጨነቀ ሰው ጥሩ ወሬ ይዞ መድረስ ነው።

ስለ ልብስ ስናነሣ በጣም የምወደው ወንድማማችነት የቀሚስና የሸሚዝ ነው። በመጨረሻው የሮማ ዘመን ላቲን ተናጋሪዎች ካሚሲያ የሚሉት ከውስጥ የሚለበስ ልብስ ነበራቸው። ቃሉ በአንድ በር ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ዐረቦች ቀሚስ አሉት፤ ከዚያ ግእዝ ተቀበለው፤ የካህናት ቀሚስ ሆነ፣ የእናቶቻችን ቀሚስ ሆነ። በሌላ በር በፈረንሳይ ቀርቶ ሸሚዝ ሆነ፤ ስንት መቶ ዓመት ቆይቶ ከቢሮና ከትምህርት ቤት ጋር ወደ እኛ መጣ። ስለዚህ ወረኢሉ ገበያ ላይ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ እሷ ቀሚስ እሱ ሸሚዝ ለብሰው፣ የለበሱት አንድ ቃል ነው። አንዱ በመካ መንገድ፣ አንዱ በፓሪስ መንገድ የመጣ። እንግዳው የቱ ነው? ቀሚስን «ባህላዊ»፣ ሸሚዝን «ዘመናዊ» ብለን የምንከፍላቸው ቀሚስ ቀድሞ ስለደረሰ ብቻ ነው።

ካናቴራ ደግሞ የባሕር ልጅ ነው። ጣልያኖች ካኖቲዬራ የሚሉት የጀልባ ቀዛፊዎች የሚለብሱት እጅ የሌለው ልብስ ነበር፤ ካኖቶ ጀልባ ነው። ቃሉን ከፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ ከስፓኝ፣ ስፓኝ ደግሞ ኮሎምቦስ የደረሰባቸው የካሪቢያን ደሴቶች ሰዎች ታንኳቸውን ይጠሩበት ከነበረው ካኖዋ ወሰዱት። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ በበሽታና በባርነት አለቁ። ታንኳቸው ስም ሆኖ ተረፈና ዛሬ የእኛ ቤት ገመድ ላይ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ጀልባ አይተን የማናውቅ ደገኞች ለብሰነዋል። ሰልባጅም ከባሕር የወጣ ነው። እንግሊዞች ሳልቬጅ የሚሉት ከተሰበረ መርከብ የተረፈ ዕቃ ነው፤ ሥሩ ማዳን የሚለው የላቲን ቃል ነው። ደሴ ቦንዳ ሲፈታ ለማየት የሄድኩባቸውን ቅዳሜዎች አልረሳም፤ የማላውቀው ሰው ስም የተጠለፈበት ኮት ገዝቼ ሁለት ክረምት ለብሼዋለሁ። የዳነ ልብስ፣ ያዳነ ልብስ።

ሞድ፣ ፋሽን፣ ስታይል የሚሉት ሦስቱ ብዙ አያስቆሙኝም፤ ስታይል ብቻ ትንሽ ያዘገየኛል። በላቲን ስቲሉስ በሰም ገበታ ላይ የሚጻፍበት ሹል ብዕር ነበር፤ ከብዕሩ ወደ አጻጻፉ፣ ከአጻጻፉ ወደ ፀጉርና ወደ ጫማ አለፈ። ሞድ ደግሞ ከሞዱስ ነው፤ ልክ ማለት። ልብስ ሰፊያችን ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ልክክ ብሏል» ሲል ፈረንሳይኛ ሳያውቅ ቃሉን ተርጉሞታል።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልምጣ፤ ልብስና ወሬ በቤታችን የተገናኙት እዚያ ላይ ነውና። ሬዲዮ ከላቲኑ ራዲዩስ ነው፤ የብርሃን ጨረርም የመንኮራኩር ዘንግም ማለት ነው። አባቴ ሬዲዮ የገዛው እኔ ገና ሳልማር ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ የምሽቱን ዜና ያደርሰናል። ጎረቤት ይሰበሰባል። እናቴ ሬዲዮው ቤት በገባ በሳምንቱ ዳንቴል ሠራችለት። ነጭ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዝ ያለው፣ መሐሉ ላይ ጽጌረዳ። ዳንቴል የፈረንሳይ ቃል ነው፤ ትንሽ ጥርስ ማለት ነው፤ ዳር ዳሩን ላየው ሰው ስሙ ትክክል ነው። ማታ ማታ አባቴ ዳንቴሉን እንደ መጋረጃ ከፊቱ ይገልጥለታል፣ ዜናው ሲያልቅ ይመልስለታል። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ቤት ግን የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው፤ እሱም ዳንቴል ለብሶ ኖረ። እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል።

ያንን ልብስ እንደ ጌጥ ብቻ አላየውም። እናቴ ከሩቅ ለመጣ ድምፅ ያለበሰችው አክብሮት ነበር። ዜና ሰዓት ነበረው፣ ወንበር ነበረው፣ ልብስ ነበረው። ሰው ዜና ሊሰማ ሲመጣ ነጠላውን አስተካክሎ ይገባ ነበር። ስልክ ሲመጣ እናቴ ለእሱም ልትሠራለት አሰበች፤ የት ታልብሰው? ሁልጊዜ እጅ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ እዚህ ሳለች ተኝታ ታየዋለች፣ እየበላች ታየዋለች፤ ገላጣው ስልክ መኝታም ምግብም አይለይም። እኔም እንደ እሷው ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጋዜጣ ገዝቼ አላውቅም፤ ሬዲዮውም ዳንቴሉን እንደለበሰ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ይህ ልማድ የወሰደብኝ ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ ዜናው አይደለም፣ ዜናው በዝቷል። የወሰደብኝ አብሮ መስማት ነው።

ስልክ ግን ስሙ ሸማኔ ቤት ይገባል። በዐረብኛ ሲልክ ክር ነው፣ ሽቦ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው የንግግር መሣሪያ በክሩ ተጠራ። ዛሬ ገመድ የለውም፤ ስሙ ግን አሁንም ክር ነው። ከስልኩ ላይ የምንከፍተውን ድረ ገጽ እንየው። ድር ሸማኔው ከፊቱ ወጥሮ የሚያቆመው የቁሙ ክር ነው፤ አግድም የሚገባው ማግ ነው። የሸረሪት ቤትም ድር ይባላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለውም እሱን ነው። አዲሱን ነገር በአማርኛ ለመጥራት የፈለጉ ሰዎች ሸማኔው ጉድጓድ ድረስ ወርደው ድርን አወጡ፤ ገጽን፣ ፊት ማለት ነው፣ ከግእዝ አመጡ፤ ድረ ገጽ። ከአዲስ ቃሎቻችን ሁሉ እንደዚህ የተዋጣ አላውቅም። ማግ ግን እስካሁን ቦታ አላገኘም፤ ሸማኔ ማግ ሳይወረውር ድሩን ብቻ ወጥሮ ቢተወው ጨርቅ አይሆንለትም፤ ስልኬን ለሁለት ሰዓት አገላብጬ ምንም ሳልይዝ ስነሣ ይህ ትዝ ይለኛል።

ልጆች «ቴክስት አድርግልኝ» ይላሉ። ቴክስት ቴክስቱስ ከሚለው ላቲን ነው፤ የተሸመነ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያለው ቴክስታይልና የልጆቹ ቴክስት አንድ ናቸው። ሮማውያን ጽሑፍን ሽመና ብለው አዩት፤ እኛም ብንሆን እንዲሁ ስንል ኖረናል። ነገር ይፈተላል፣ ሴራ ይሸረባል፣ ተንኮል ይጎነጎናል። ዜና አንባቢው ስርጭቱን «እንቋጭ» ይላል፤ መቋጨት የሸማን ጫፍ ዘርፍ ዘርፉን እየጠመዘዙ ማሰር ነው፤ ካልተቋጨ ሸማው ይተረተራል። በእኛ አፍ ጸሐፈ ብዙ ጊዜ ጣፈ ነው፤ መጣፊያ ደግሞ ለተቀደደ ልብስ የሚጣፍ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው አንደበት ነው፤ ልጅ ሳለሁ አያቴ «ደብዳቤ ጣፍልኝ» ሲለኝ መርፌና ክር የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቃል ግን ያለ ሕመም አላነሣውም፤ ጠለፈ። ጥልፍ በቀሚስ ደረት ላይ በመርፌ የሚሠራው አበባ ነው። ጠለፈ አጠመደ፣ ከመንገድ ቀልብሶ ያዘ ማለት ነው፤ መርፌዋ ክሩን ከጨርቁ በታች አጥምዳ የምታወጣው እንዲሁ ነው። ከዚህ ቆንጆ ሥራ አጠገብ ጠለፋ ይቆማል፤ ሴት ልጅን ውኃ ስትቀዳ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዞ መሄድ። የቀድሞው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ያንን ማምለጫ ዘጋው። በሠፈራችን ደረታቸው ላይ ጥልፍ እየጠለፉ ያደጉ፣ ጥልፋቸውን ሳይጨርሱ የተጠለፉ ሴቶችን አውቃለሁ። ዛሬ ቃሉ ሦስተኛ ቤት ሠርቷል፤ ስልክ ይጠለፋል፣ አውሮፕላን ይጠለፋል፣ የፌስቡክ ገጽ ይጠለፋል። የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት «ተጠለፍኩ» ብላ ስትጽፍልኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ገጿ ነበር። ለእሷ የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው፤ እናቴ ፊት ያንን ቃል ጮክ ብዬ አላነበብኩትም።

ወደ ነጠላው ጥበብ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ጥበብ በግእዝ ዕውቀት፣ ብልሃት ነው። የነጠላን ጠርዝ ጥበብ ብሎ የሰየመ ሰው ክሩን እየቆጠረ መስቀልና ዐይን ዐይን ያወጣውን እጅ አይቶ ነው። ከዚሁ ሥር ጠቢብ ወጣ፤ ሰሎሞን ጠቢብ ነበር። ከዚሁ ከጠቢብ ደግሞ በአፍ ተለውጦ ጠይብ ወጣ፤ ጠይብ ስድብ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ ነህ፣ ነሽ ብሎ ከማዕድ ለማራቅ የተሠራ ስድብ። ንጉሡን ሲጠራ የከበረ ሥር ባለሙያውን ሲጠራ ተዋረደ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ ማለት፣ ሸማ ሠሪውን ማዋረድ፣ የሚጽፈውንም ጠንቋይ ማለት ቀርቷል አሉ። ያ ዐዋጅ ሸማኔውንና ጸሐፊውን በአንድ መስመር ላይ አቆማቸው። ሁለቱም ድርና ማግ ያገናኛሉና ቦታቸው ልክ ነበር።

ስድቡ ግን በዐዋጅ አልጠፋም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር የተቀመጠ የሸማኔ ልጅ ነበር፤ በጨዋታ ሰዓት ማንም አይመርጠውም ነበር። እኔም አልመረጥኩትም። አባቱ የሠራውን ነጠላ እናቴ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር፤ ልጁ ቤታችን ገብቶ ቡና አልጠጣም። ድሩን፣ መቋጨቱን፣ ጥበቡን ወስደን ለዜናና ለስልክ አውለናል፤ ቃላቱን ለሰጡን ሰዎች ያስቀረንላቸው ስድቡን ነው። ይህን ስጽፍ ስሙን መጥራት እፈልጋለሁ፤ አልጠራውም፤ ዛሬ የሚኖርበትን አላውቅምና ፈቃዱን ልጠይቀው አልችልም።

እናቴና የእህቴ ልጅ ስለዚያ ፎቶ ማታ በስልክ ረጅም ጊዜ አወሩ። ልጅቱ ጥበቡን ወደ ላይ ማድረግ የሐዘን መሆኑን ሰምታ አታውቅም ነበር። እናቴ አልተቆጣችም፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲሞትበት ታዲያ በምን ይታወቃል? ብላ ጠየቀች። ልጅቱ ሰው የፌስቡክ ፎቶውን ጥቁር እንደሚያደርግ፣ አንዳንዱ የሻማ ሥዕል እንደሚለጥፍ ነገረቻት። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ፣ «እሱም ያው መዘቅዘቅ ነው» አለች።

ለፋሲካ ልጅቱ መጣች። ከኢንስታግራም ያወጣችውን የጥበብ ዓይነት ስልኳ ላይ ይዛ ሸማኔው ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባታቸው ጉድጓድ አልወጡም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ማያያዣውን አያዩም፣ ስም አያዩም፣ ስንት ሰው እንደወደደው አያዩም። በሁለት ጣት ሥዕሉን እያሰፉ ክር መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የሥዕሉ ሠሪ አንዲት ክር ዘሎ ኖሯል፤ እሳቸው አገኙት። ልጅቱ ሥዕሉ ተበላሽቶባት እንዳይሆን ፈርታ አየቻቸው።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት፣ ስልኳን እየመለሱላት፤ «እኔ አስተካክዬ እሠራልሻለሁ።»